ሁለት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን

የኔታ ጥዑመ ልሳን ቤታቸው ጣና ሐይቅ ውስጥ መሆኑን የሰሙት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ለቤተሰቡ ያወሩት ግን ማክሰኞ ጠዋት ሻይ ቀርቦ ነው። የቤታቸው ካርታ ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቁ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሄደው፣ በመስኮቱ የተቀመጠው ልጅ ስማቸውን ጽፎ ስክሪኑን ጥቂት ካየ በኋላ፣ «አባቴ፣ የእርስዎ ቤት ያለው ውኃው ላይ ነው፤ እንደገና ይለካ ተብሏል፤ እስኪለካ ይጠብቁ» አላቸው። የኔታም እሺ ብለው ወጡ። ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩበት ቤት ውኃ ላይ ነው ሲባሉ ያልተከራከሩት አንድም ጠባያቸው ስላልሆነ ነው፤ አንድም ልጁ ሲነግራቸው እንዳፈረ ስላዩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሚካኤል ይህን ሲሰሙ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «እኔ እኮ ክረምት ክረምት ግድግዳው ሲያልበው ቆርቆሮው ነው፣ ጠግኑልኝ እያልሁ ሰው ስለምን ኖርሁ» አሉ። የኔታም ሳቁ። አብራቸው የምትኖረው የወንድማቸው ልጅ ኪዲ ብቻ ዳቦዋን እያላመጠች አንገቷን ደፋች። ቤቱን ሐይቅ ውስጥ ያስገባችው እሷ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ያለው ባሕር ዳር ከተማ፣ ውኃው ዳር ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ማእድ ቤት፣ ጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ በጓሮው ሦስት የሎሚ ዛፍና ጥቂት ጌሾ። ከጓሮው አጥር ወዲያ ደንገል ነው፤ ከደንገሉ ወዲያ ሐይቁ። የኔታ በየማለዳው ከዚህ ተነሥተው በእግራቸው ወደሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ ጉልበታቸው ከዚያ የራቀ መንገድ አይሻም። ኪዲ ከደልጊ ለትምህርት ስትመጣ የተረከበቻት ትንሿ ክፍል መስኮቷ ወደ ሎሚዎቹ ነው፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመቷ። ስለ ሥራዋ ቤት ውስጥ ብዙ አታወራም። «ኮምፒዩተር ላይ ነኝ» ትላለች፣ እነሱም ይበቃቸዋል። በዚያ ጠዋት ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነገሩ በሳቅ ሲያልፍ ግን እፎይ አለችና ዝም አለች። የሆነ ቦታ እንደተሳሳተች ታውቃለች። የቱ ጋ እንደሆነ ነው የማታውቀው።

ኪዲ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሲቀጥራት ሥራዋ ፋይል ከመደርደሪያ ማውረድና ወደ መደርደሪያ መመለስ ነበር። ከሁለት ወር በፊት የሐይቁ ዳር ቤቶች በሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ይስፈሩ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፣ ጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ በዕድሜ ትንሿ ተመረጠች። ብሥራት የሚባል አሠልጣኝ መጥቶ ሶፍትዌሩን በፍላሽ ጫነላትና የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠ። በመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደሚከፈት፣ ነጥብ እንዴት እንደሚገባ፣ የገባው ነጥብ እንዴት ቀለም እንደሚቀባ አሳየ። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋና የቀረውን አንብቡት ብሎ የአርባ ገጽ ጽሑፍ አድሎ ሄደ። የአበሉ ፊርማ የሁለቱም ቀን ተፈርሟል። ሌሎቹ ሠልጣኞች ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ከተው ረሱት፤ ኪዲ ግን ነገሩን ወደደችው። ሶፍትዌሩ ካርታን እንደ ስስ ነጠላ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርበዋል፤ መንገዱ ለብቻው፣ ሐይቁ ለብቻው፣ ቤቶቹ ለብቻቸው። አንዱን ስታነሣ ሌላው ከሥሩ ይወጣል። በሕይወቷ እንዲህ የታዘዘላት ነገር አልነበረም።

በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ እየለካች መቶ አርባ ቤት ዞረች፤ ጫማዋ አለቀ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስገብታ ስትጨርስ ሶፍትዌሩ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት በየትኛው መነሻ ነው የሚል ነው። ምርጫው በሺሕ የሚቆጠር የእንግሊዝኛ ስም ነበር። ኪዲ ግራ ገብቷት ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለው የድሮ የወረቀት ካርታ ታያት፤ ከጥጉ ላይ በደቃቅ ፊደል አዲንዳን የሚል ተጽፏል። ዝርዝሩ ውስጥ ፈለገችና ያንኑ ስም አገኘችው። በማታውቀው ከተማ የአገሯን ሰው እንዳገኘች ደስ ብሏት እሱን መረጠች። ቀጥላ ከሐይቁ ጠርዝ ሃምሳ ሜትር አስለካች፤ ደንቡ በዚያ ውስጥ ያለ ቤት ይነሣል ይላል። አሥራ አምስት ቤት ገባ። ዘጠኝ ቤት ደግሞ ውኃው ላይ ወደቀ፤ ከዘጠኙ አንዱ የየኔታ ነው። ደንግጣ ለኃላፊዋ ለአቶ አምባቸው አሳየቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩና፣ «ሐይቁ በክረምት የተሳለ ይሆናል፤ ዘጠኙን እንደገና ይለካ በያቸው፣ አሥራ አምስቱ ይነገራቸው» አሉ። እንደገና ይለካ የተባለ ነገር በዚያ ቢሮ ተለክቶ አያውቅም። መዝገቡ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚቀሰቅሰው የለም።

ማክሰኞ የመጨረሻው ዝርዝር ወደ ላይ የሚላክበት ቀን ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት ስድሳ የሚሆናቸው ሴት ሻሻቸውን አጥብቀው፣ ተነሡ የሚለውን ማስጠንቀቂያ በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ሰልፉን አልፈው በአቶ አምባቸው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ወይዘሮ መሪየም ይባላሉ፤ ቅመም ነጋዴ ናቸው። ወረቀቱ ቤታቸው ከሐይቁ ሃምሳ ሜትር ውስጥ በመሆኑ በሦስት ወር እንዲነሡ፣ ምትክ ቦታም በመሸንቲ መንገድ ወደፊት እንደሚነገራቸው ይገልጻል።

«ወንድሜ፣ እኔ ሐይቁ ጋ ለመድረስ ሁለት መንገድ ነው የምሻገር» አሉ። «የእንጨት መሸጫውን አልፋለሁ። ወፍጮ ቤቱን አልፋለሁ። የማን ሐይቅ ነው እኔ ደጅ የመጣው?»

«እትዬ መሪየም፣ ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» አሉ አቶ አምባቸው፤ በክፋት አይደለም።

«እንግዲያው ኮምፒዩተሩ ይነሣና አብረን ሄደን እንየው።»

ሰልፉ ሳቀ። አቶ አምባቸው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ፤ ግን ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱላቸው። ወይዘሮ መሪየም አልሳቁም። ወረቀቱን ፕላስቲኩ ውስጥ መልሰው ከተው ወጡ። ኪዲ ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። ስህተቱ ዘጠኙ ቤት ላይ ብቻ ነው ብላ ራሷን ስታባብል ቆይታ ነበር። እኚህ ሴት ግን ከዘጠኙ አይደሉም።

በምሳ ሰዓት ጂፒኤሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በባጃጅ ሄደች። የወይዘሮ መሪየም ቤት ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። ሱቁ ውስጥ ኮረሪማ በጆንያ፣ ጥቁር አዝሙድ በባልዲ፣ ከሚዛኑ አጠገብ የወረቀት ከረጢት ላይ የተጻፈ ዋጋ አለ፤ ዋጋው ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። «ይኸ ሁሉ የዘንድሮ ነው» አሉ ወይዘሮ መሪየም ኪዲ ስታይ አይተው። ምሳ ካልበላሽ ብለው ግድ አሉ፤ ኪዲ ሻይ ብቻ ጠጣች። ከዚያ እየለካች ወደ ሐይቁ ስትራመድ ሴትዮዋ ሱቁን ዘግተው ተከተሏት። አንዱን መንገድ ተሻገሩ፤ የእንጨት መሸጫውን አለፉ፤ ሁለተኛውን መንገድ ተሻገሩ። ወይዘሮ መሪየም በየመንገዱ ለሚያገኙት ሰው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ይቺ ልጅ ማን ናት ለሚላቸውም ከቢሮ ናት ይላሉ፣ በኩራት ቢጤ። ደንገሉ ጋ ሲደርሱ ጂፒኤሱ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር አለ።

«ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ኪዲ። ልትናገረው አላሰበችም ነበር።

ወይዘሮ መሪየም አገላብጠው አዩዋት። የመጀመሪያው ፊታቸው ቁጣ ነበር፤ ወዲያው ግን ልጅነቷን ያዩት መሰለ። «እንግዲያው የምታስተካክይውም አንቺ ነሻ» አሉ። ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ኪዲ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር።

ቢሮ ተመልሳ የአሠልጣኙን ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገለጠች። ያልተማሩት ክፍል የሚጀምረው ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነው፤ እስከዚያ ቀን ከፍታው አታውቅም። መሬትን ለመለካት መነሻው አንድ ብቻ አይደለም ይላል ጽሑፉ። የድሮ የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ ግን ካልቀየሩት በስተቀር የሚለካው ዓለም ዛሬ በሚጠቀምበት በሌላ መነሻ ነው። የአንዱን ቁጥር የሌላው ነው ብሎ ያስገባ ሰው በዚህ አገር ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይስታል። በባሕር ዳር ሰሜን ማለት ሐይቁ ነው። ኪዲ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የቤቶቹን ንብርብር ከፈተች፣ መነሻውን ቀየረች፣ እሺ የሚለውን ተጫነች። መቶ አርባው ነጥብ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ደቡብ ወረደ። አሥራ አምስቱ ከሃምሳ ሜትሩ ወጥተው ሁለት መንገድ ተሻግረው የየቦታቸውን ያዙ። ወይዘሮ መሪየም ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ፣ ልክ በሱቃቸው ላይ ተቀመጡ። የኪዲ ደስታ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። አሥራ አምስቱ የለቀቁትን ሃምሳ ሜትር ከውኃው የወጡት ዘጠኙ ቤቶች ሞሉት። የየኔታ ጥዑመ ልሳን ቤት ከጠርዙ ሠላሳ አንድ ሜትር ላይ ነው።

አቶ አምባቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ሊወስዱ መጡ። ኪዲ ሁለቱንም ካርታ አሳየቻቸው፤ የተሳሳተውን፣ ቀጥሎ ትክክለኛውን። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጡረታ ሊወጡ አሥር ወር የቀራቸው፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ፣ በዚህም ብዙ ሰው ያስቀየሙ ሰው ናቸው። ዘጠኙን ስም አንድ በአንድ አነበቡና የኔታ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኸ ያንቺ አጎት ቤት አይደለም?»

«ነው።»

«የምትኖሪበት?»

«አዎን።»

አቶ አምባቸው በሩን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ፣ የመጣችው ሴትዮዋ ናት። የሷን ነጥብ ብቻ በእጅሽ ወደ ቦታው መልሽው። ሌላው ባለበት ይቆይ። ያልመጣ ሰው ቅሬታ የለውም ማለት ነው።» ተነሥተው ሄዱ። በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ አሉ።

ኪዲ አደረገችው። የድሮውን መነሻ መለሰችና የወይዘሮ መሪየምን ነጥብ ይዛ እየጎተተች ሱቃቸው ላይ አስቀመጠችው። ሶፍትዌሩ ለምን አላለም። ልቧ አረፈ፤ ምሳ እንዳልበላች ትዝ አላት፤ ከመሳቢያዋ ብስኩት አውጥታ በላች። የተሳሳትሁት ሳላውቅ ነው፤ ሴትዮዋ ተመለሱ፤ የኔታም በቤታቸው ይሙቱ፤ ማንን በደልሁ አለች በልቧ። ብስኩቷን እየበላች የቀሩትን አሥራ አራት ነጥቦች አየቻቸው። አንዱ ወፍጮ ቤቱ ነው። አንዱ ቃለ ሕይወት የሚባለው ልብስ ሰፊ ነው፤ በለካችበት ቀን የተተረተረ ቦርሳዋን ሳያስከፍል ሰፍቶላታል። አንዱ ኢኽላስ የምትባል አራስ ናት፤ ከአልጋዋ ሳትነሣ ፀሐዩ በዛብሽ፣ ግቢና ውኃ ጠጪ ብላታለች። ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ደርሷቸዋል። አልመጡም። ወረቀት ከቢሮ ከመጣ እውነት ነው ብለው ይሆናል፤ አለዚያም በመስኮቱ የሚባሉትን ያውቁታል። የኔታስ እሺ ብለው ወጥተው የለ? ኪዲ ሶፍትዌሩን እንደ ጠላችው ያን ጊዜ ተሰማት። ሁሉንም ነገር ያሳያል፤ ይኸን አትዪ አይልም። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው መነሻውን እንደገና ቀየረችና ሁሉንም አተመች።

አቶ አምባቸው ገጾቹን ቆመው አነበቡ። ፈርመው ከጨረሱ በኋላ ብቻ፣ «ያዘጋጀው የሚለው ላይ ስምሽ እንዳለ ታውቂያለሽ?» አሏት። አውቃለሁ አለች። ማስጠንቀቂያውን ለየቤቱ የሚያደርሰው ተላላኪ የሚወጣው በማግስቱ ነው። ኪዲ ከዘጠኙ አንዱን እኔ አደርሰዋለሁ ብላ በመዝገቡ ላይ ፈርማ ወሰደች። እንግዳ ሰው በር አንኳኩቶ ከሚሰጣቸው ይሻላል ብላ ነው፤ ይሻል አይሻል ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ቤት ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። የኔታ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ወለተ ሚካኤል ምስር ይለቅማሉ። ኪዲ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወረቀቱን ለየኔታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ወደ ብርሃኑ አዘንብለው እስከ ማኅተሙ አነበቡት።

«ስንት ሜትር ሆነ?» አሉ።

«ሠላሳ አንድ።»

«አሥራ ዘጠኝ ጐደለን ማለት ነው።»

እትዬ ወለተ ሚካኤል መልቀማቸውን አቆሙ። ወረቀቱን አልጠየቁም፤ ማንበብ አይችሉም። ከሁለቱ ፊት አነበቡት። «ማነው የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ። ፊተኛው ስህተት ነበር። በዚያ ስህተት ከወዲያ ያሉ አሥራ አምስት ቤቶች ሊነሡ ነበር። አንዲት አራስ አለች…»

«የኛስ? በስህተቱ የኛ ምን ሊሆን ነበር?»

«ይቆይ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ። ማንም አይነካውም ነበር።»

«እኛ እስክንሞት ቢቆይ ይበቃን ነበር» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል። አልጮሁም። ምስሩን ይዘው ወደ ማእድ ቤት ገቡ።

የኔታ ወረቀቱን እንደገና አነበቡት። መሸንቲ መንገድ የሚለውን ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብለው ጠየቁ፤ ኪዲ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግር እንደማይሆን ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መፈረሚያው የት ነው አሉ፤ አሳየቻቸው፤ በድጓ ጸሐፊ እጃቸው ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉና ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። ኪዲ ይቅር ይበሉኝ ልትል ፈለገች፤ ምኑን ይቅር እንደሚሉላት ግን መለየት አቃታት። ሁለቱም ሐይቁ እስኪጠቁር ተቀመጡ።

ራት ሲቀርብ ኪዲ እንደ ልማዷ ለማስታጠብ ማንቆርቆሪያውን አነሣች። እትዬ ወለተ ሚካኤል ትሪውን በየኔታና በራሳቸው መካከል አስቀመጡ፤ ተመልሰው ገብተው ደግሞ አንድ ሳህን ይዘው ወጡ። ሳህኑ ለእንግዳ የሚወጣው፣ ጠርዙ አበባ ያለበት ነው። እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ወጡ ተለይቶ በጎድጓዳ ተጨልፎበታል። ከኪዲ ወንበር ፊት አኖሩትና፣ «ብይ» አሏት፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ትሪ በልተዋል። በታመመች ጊዜ እንኳ ለብቻዋ ቀርቦላት አያውቅም። ኪዲ እንዳታለቅስ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

የኔታ ትሪውን ባረኩ። እትዬ ወለተ ሚካኤል ለመቁረስ እጃቸውን ሲዘረጉ የኔታ ቆይ የሚል ምልክት ሰጡ። ወንበራቸውን ወደ ኪዲ አዞሩ፣ ወደ አበባማው ሳህን ጎንበስ አሉ፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ ቃል ሳይቀንሱ እንደገና አደረሱ። ከዚያ ሦስቱም በሉ።